የዘገዩትን የሚጠብቅ ኢድ

ኢድ አልፎ ሳምንት ሲሆነው፣ ሌላው አገር የበዓል ልብሱን አጥቦ ሲያስቀምጥ፣ የሐረር ሰው ገና ደህናውን ልብስ ከሣጥን ያወጣል። ምክንያቱ ሹዋሊድ ነው። እስቲ ጠጋ በሉና ላስረዳችሁ፤ ነገሩ በሒሳብ ስለሚጀምር ጣታችሁን አዘጋጁ።

ከረመዳን ቀጥሎ የሚገባው የእስልምና ወር ሸዋል ይባላል። የመጀመሪያው ቀን ኢድ አል ፈጥር ነው፤ በዚያ ቀን መጾም ክልክል ነው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ስድስት ቀን የሚጾሙ አሉ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያላችሁ ብትቆጥሩ በሰባተኛው ቀን ያልቃል። ስምንተኛው ቀን በሐረር በዓል ነው። ስሙም ከዚሁ መጣ፦ ሸዋልና ኢድ ተገጣጥመው ሹዋሊድ።

ለምን ስድስት ቀን? በእስልምና አንድ መልካም ሥራ በአሥር እጥፍ ይቆጠራል። የረመዳን 30 ቀን 300 ይሆናል፤ ስድስቱ ደግሞ 60። ድምሩ 360፣ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው! ረመዳንን ጾሞ ስድስቱን ያስከተለ ዓመቱን ሙሉ እንደጾመ ይቆጠርለታል የሚባለው በዚህ ስሌት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ አትጾምም፤ አራስም እንዲሁ። ስለዚህ ኢድ ሲመጣ ወንዱ ጾሙን ጨርሶ ሲገላገል፣ ሚስቱ የበዓሉን ምግብ የምትሠራው የጾም ዕዳዋን እንደያዘች ነው። በሐረር እነዚህን ቀናት የሚጾሙት በተለይ ሴቶች ናቸው፤ ከነሱ ጋር በሕመም ወይም በመንገድ ምክንያት ጾም ያመለጣቸው ወንዶች አሉ። (የሃይማኖት ሊቃውንት ያመለጠ ጾም የሚከፈልበትን የግዴታውን ቀዷና የፈቃዱን ስድስት ቀን ለይተው ያያሉ፤ እኛ ግን እዚያ ክርክር ውስጥ አንገባም።) ኢድ አል ፈጥርን የዓለም ሙስሊም ሁሉ ያከብረዋል። ለዘገዩት ብሎ ሁለተኛ ኢድ የደገሰላቸውን ከተማ ግን እኔ ከሐረር ሌላ አላውቅም። በዓሉን የወደድኩት በዚህ ነው።

ታዲያ በበዓሉ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። አሮጌዋን ሐረር የሚከብበው የጁገል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተገነባ ሲሆን፣ ቅጥሩ 48 ሄክታር ያህል ያቅፋል። በዚህች ጠባብ ቦታ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ፣ ማለትም የቅዱሳን፣ ቦታዎች ተመዝግበዋል! ሐረሪዎች ቅዱሳኑን «አው» ይሏቸዋል፣ አባት እንደማለት ነው። ሹዋሊድ የሚደምቀው ከእነዚህ አዋች ዘንድ ነው። ሲመሽ ካራቡ፣ ማለትም ከበሮው፣ ይመታል፤ ከበል የሚሉት ጥንድ እንጨት ይንቋቋል፤ ሽማግሌዎች ዚክሪውን፣ ማለትም መንፈሳዊ ዜማውን፣ ያወጣሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ወላጆች የበዓሉን ታሪክ ለልጆቻቸው የሚያወሩትም በዚህ ጊዜ ነው። የአዋችን ቦታ መዘየር አይገባም የሚሉ ሙስሊሞች መኖራቸው አይካድም፤ ካራቡው ግን አላቆመም።

ወጣቶቹ ደግሞ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ሹዋሊድ መተያያ ነው፤ በዚህ በዓል ተያይተው የተጫጩ ጥንዶች ብዙ ናቸው። ለማያውቅ ሰው አንድ ምልክት ልስጥ፦ ጸጉሯን ከጆሮዎቿ ኋላ ሁለት ቦታ ጠቅልላ ጉፍታ በሚሉት የጸጉር መሸፈኛ የሸፈነችው፣ በልማዱ ያገባች ናት። ዓይናችሁን ወደ ሌላ መልሱ።

ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው። ግንቡ እውቅና ካገኘ በኋላ በዓሉ 18 ዓመት ያህል ጠብቆ፣ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ቦትስዋና፣ ካሳኔ ላይ በተደረገው ስብሰባ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገበ። ከመስቀል፣ ከፍቼ ጨምበላላ፣ ከገዳና ከጥምቀት ቀጥሎ ለኢትዮጵያ አምስተኛው መሆኑ ነው። ዘግይቶ መድረስ ለዚህ በዓል አዲስ ነገር አይደለም።

«በየትኛው ወር እንሂድ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ግን ወር አልነግራችሁም። ወሩ የማይለወጥ በዓል ለማነጻጸሪያ ልጥቀስ፦ ጀርመን ውስጥ፣ ከቼክ ድንበር አጠገብ፣ ፉርት ኢም ቫልድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ፈረሰኛ ዘንዶ የሚገድልበት ከ500 ዓመት በላይ የቆየ ትርዒት አለ፤ ዛሬ ዘንዶው እሳት የሚተፋ፣ 11 ቶን የሚመዝን ማሽን ሆኗል። የእነሱ ዘንዶ በየዓመቱ ኦገስትን ጠብቆ ይሞታል። ሹዋሊድ ግን ጨረቃን ስለሚከተል በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ ይመጣል። በ2016 ሚያዝያ ላይ ነበር፤ እየተንሸራተተ ክረምቱንም በጋውንም አዳርሶ ወደ ቦታው ሊመለስ 33 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

ቢሆንም ቀላል ዘዴ አለ። ኢድ የዋለበትን ቀን ያዙ፤ ሹዋሊድ ሳምንቱን ጠብቆ በዚያው ቀን ነው። በአንድ ነገር ብቻ እንዳትሳሳቱ፦ በእስልምና አቆጣጠር ቀን የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ስለዚህ ኢድ ሰኞ ከዋለ፣ በሳምንቱ እሁድ ማታ ጁገል ውስጥ ሁኑ።