ዕረፍት የሚጎዳው ማሽን

ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የገዛ ሐበሻ ከቤቱ ጋር ሳያስበው የሚረከበው አንድ ሥራ አለ፤ ሣር። አዲስ አበባ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው አትክልተኛ ጠርቶ ያስከረክማል፤ እዚህ ግን ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር ሣሩ ባለቤቱን ይጠብቃል። ችላ ቢባል ደግሞ ነገሩ በጎረቤት ትዝብት ብቻ አያበቃም። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበትን ፌርፋክስ ካውንቲን ብንወስድ፣ ከግማሽ ኤከር በታች በሆነ የመኖሪያ ግቢ ሣር ከ12 ኢንች ማለትም ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳያድግ የሚከለክል ደንብ አለ። ስለዚህ ማሽን ይገዛል። የመጀመሪያውን ዓመት ያለ ችግር ይታጨድበታል፤ ቅጠል ረግፎ ብርዱ ሲገባ ጋራዥ ጥግ ይቆማል። በቀጣዩ ዓመት ሣሩ ብቅ ሲል ገመዱ ቢጎተት፣ ደግሞ ቢጎተት፣ ሞተሩ ወይ ፍንክች።

የማውቀው አንድ ጠጋኝ አለ፤ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ አሁን ትንንሽ ሞተሮችን የሚሠራ። ደንበኛ እንዲህ ያለ ማሽን ይዞለት ሲመጣ ገመዱን አይነካም። መጀመሪያ የነዳጅ ታንከሩን ክዳን ይከፍትና «እስቲ አሽተው ወንድሜ» ይላል። ትኩስ ቤንዚን አፍንጫ ይወጋል። ክረምቱን ታንከር ውስጥ የከረመ ቤንዚን ግን ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። በሽታውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

አሜሪካ ውስጥ በየማደያው የሚሸጠው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ይቀላቀልበታል። ኢታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ቤንዚኑ ራሱም ሲቆይ ቀላሉ ክፍል ይተንና የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይተዋል። ካርቡራተሩ ውስጥ ደግሞ ነዳጅ የሚያልፍባት ቀዳዳ ከመርፌ ዓይን ትጠባለች፤ ለመደፈን ያን ያህል ዝቃጭ አያስፈልጋትም። መኪና በየቀኑ ስለሚነዳ ይህ ችግር ብዙም አይታይበትም፤ ነዳጁ ሳይከርም ያልቃል። ሣር ማጨጃው ግን አራት ወይም አምስት ወር ይቆማል። እኔ ያየሁት ሁሉ የሚነግረኝ፣ ይህን ማሽን ሥራ እምብዛም እንደማይገድለው ነው። ለሚገድለው ዕረፍት ካዘጋጁት ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ዝግጅቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም። የመጨረሻው አጨዳ ሲያልቅ ወይ ታንከሩን ባዶ አድርጎ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ማስነሳት፣ ወይም በትኩስ ቤንዚን ላይ ነዳጅ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ፈሳሽ ጨምሮ፣ ድብልቁ ካርቡራተሩ ድረስ እንዲደርስ ለጥቂት ደቂቃ ማሠራት። ቀጥሎ ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው ትንሽ የሞተር ዘይት ማንጠብና ገመዱን ሁለት ሦስቴ ቀስ ብሎ መሳብ፤ ዘይቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ለብሶ ከዝገት ይጠብቀዋል። ነዳጅ ሲገዛም ማደያው ላይ «ኢ15» የሚል ከተጻፈበት ፓምፕ መራቅ ነው። 15 በመቶ ኢታኖል ያለውን ቤንዚን ለሣር ማጨጃና ለመሰል ትንንሽ ሞተሮች መጠቀም በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው።

ማሽኑ መነሻው ጨርቅ ፋብሪካ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። እንግሊዝ አገር፣ ግሎስተርሸር ውስጥ ስትራውድ የምትባል የሱፍ ጨርቅ ከተማ አለች። እዚያ ፋብሪካዎቹ ከተሸመነው ሱፍ ላይ ብቅ ብቅ ያለውን ፀጉር ለመላጨት ስለት የተጠመጠመበት የሚሽከረከር በርሜል ይጠቀሙ ነበር። ኤድዊን ባዲንግ የተባለ የአካባቢው መካኒክ ይህን አይቶ፣ ሱፍ የላጨ ስለት ሣርስ ለምን አይላጭም ብሎ አሰበ፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1830 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ጎረቤት እንዳይስቅበት የሙከራ አጨዳውን በሌሊት ያደርግ ነበር እየተባለ ይነገራል። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ የለንደኑ ሪጀንትስ ፓርክ የእንስሳት ማቆያ ነበር። ይኸው ባዲንግ አፉ በብሎን የሚጠብና የሚሰፋ መፍቻም ሠርቷል፤ ማሽኑንም ማሽን መፍቻውንም የሰጠን አንድ ሰው መሆኑ ደስ ይለኛል።

ከእሱ በፊት የሀብታሞቹ ግቢ የሚታጨደው በረጅም እጄታ ማጭድ ሲሆን፣ አጫጆቹ የሚወጡት ጤዛው ሳይረግፍ በማለዳ ነበር። እርጥብ ሣር ለማጭድ ይመቻል። ለማሽን ግን ተቃራኒው ነው፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብለን እናየዋለን።

የባዲንግ ማሽን እንደ መቀስ በሁለት ስለት መካከል ሣሩን ይዞ ነው የሚቆርጠው። ዛሬም የጎልፍ ሜዳና ጥሩ ስታዲየም የሚታጨደው በዚያው ዘዴ ነው። በየቤቱ ያለው ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ አንድ ጠፍጣፋ ስለት ከላሜራ ክዳን ሥር ጋደም ብሎ ይሽከረከርና ሣሩን በፍጥነቱ ብቻ ይመታዋል። ይህኛው የተስፋፋው ቀላልና ርካሽ ሞተር ሲገኝ ነው። ብሪግስ ኤንድ ስትራተን የተባለው የሚልዋኪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1953 ከአሉሚኒየም የተሠራ ቀላል ሞተር ገበያ ላይ ካዋለ በኋላ፣ ሣር ማጨጃ ማንም ሠራተኛ የሚገዛው ዕቃ ሆነ።

ፍጥነቱን ማስላት ይቻላል። የተለመደው ስለት ከጫፍ እስከ ጫፍ 53 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት የተመታ ጠጠር መስኮት ይሰብራል፤ ሰውም ያቆስላል። ስለዚህ ከማጨድ በፊት ግቢውን ዞሮ ድንጋይ፣ የልጆች መጫወቻና ቅርንጫፍ መልቀም የጥገናው አካል ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1982 አጋማሽ ወዲህ ለቤት የተሠሩ የሚገፉ ማሽኖች እጄታው ሲለቀቅ ስለቱ በሦስት ሰከንድ ውስጥ እንዲቆም ሕግ ያስገድዳል። እጄታውን በገመድ አስረው የሚያጭዱ ሰዎች አያለሁ፤ እባካችሁ ፍቱት። ያ ሕግ የብዙ ሰው ጣት አትርፏል።

ስለቱ መደነዙን ለማወቅ ማሽኑን መገልበጥ አያስፈልግም። በታጨደ ማግስት ሣሩን ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል። ስለታም ብረት የቆረጠው ሣር ጫፉ ቀጥ ያለ ነው። ዱልዱም የቆረጠው ግን ተተልትሎ ጫፉ ይነጣል፤ ግቢው ከሩቅ ሲታይ የተቃጠለ ይመስላል። ባለቤቱ ውኃ የጠማው መስሎት ያጠጣዋል፤ ማዳበሪያ ይጨምርበታል። መድኃኒቱ ግን ሞረድ ነበር።

ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ይከበር። በመጀመሪያ የካንዴላው ገመድ ይነቀላል፤ ምክንያቱም ስለቱ በእጅ ሲዞር ሞተሩም አብሮት ስለሚዞር ሳይታሰብ ሊነሳ ይችላል። ቀጥሎ ማሽኑ በጎኑ ይጋደማል፤ የአየር ፊልትሮው ወደ ላይ እንዲሆን። ፊልትሮው ወደ ታች ከሆነ ዘይቱ ወርዶ ያበሰብሰዋል፤ ማሽኑም ሲነሳ ሰፈሩን በነጭ ጭስ ይሞላዋል። ስለቱ እንዳይዞር እንጨት ተደግፎበት ቡሎኑ ይፈታል። ሞርሳ ላይ ይታሰርና ፋብሪካው ያወጣለትን ማዕዘን ተከትሎ ይሞረዳል። ምላጭ ማድረግ አያስፈልግም፤ በጣም የሳሳ ጫፍ በመጀመሪያው ጠጠር ይታጠፋል። የወጥ ቤት ቢላዋ ያህል ከሆነ በቂ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሚዛኑን ነው። ስለቱ በመሐል ቀዳዳው ግድግዳ ላይ በተመታ ምስማር ይሰቀላል። አንዱ ጫፍ ካዘቀዘቀ ያ ጎን ከባድ ነው፤ ቀጥ ብሎ እስኪቆም እሱ ይሞረዳል። ጥቂት ግራም ልዩነት በዚያ ፍጥነት ሲዞር እጅ የሚያደነዝዝ ንዝረት ይሆናል። ንዝረቱ ቡሎኖች ያላላል፤ ውሎ አድሮም ሞተሩ ታች ያለውን የዘይት መያዣ ጎማ ይበላል።

ስለቱ ሣር ውስጥ የተደበቀ የዛፍ ጉቶ ወይም የቧንቧ ክዳን ቢመታስ? «ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ማሽኑ ቀጥ ይላል፤ ከዚያም ነዳጅም ካንዴላም ደህና ሆኖ አልነሳ ሊል ይችላል። በሞተሩ ዘንግና ፍላይዊል በሚባለው ከባድ ክብ ብረት መሐል አንድ ትንሽ ቁራጭ አለች፤ ለስላሳ ብረት ናት። ምቱ ሲመጣ እሷ ስትጨመደድ የእሳቱ ሰዓት ይዛነፋል፤ ፒስተኑ ቦታው ሳይደርስ ወይም ካለፈ በኋላ ካንዴላው ይተኩሳል። ቁራጯን ለመተካት የሚጠፋው ገንዘብ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ይህን ባለማወቅ የተጣለ ማሽን ግን ቁጥር የለውም።

አሁን ወደ ንጽሕናው። የስለቱ ሁለት ጫፎች ከኋላ በኩል ወደ ላይ ታጥፈዋል። ሲሽከረከሩ ነፋስ ይፈጥራሉ፤ ነፋሱ ሣሩን ከመቆረጡ በፊት ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ከተቆረጠም በኋላ ወደ ከረጢቱ ይወረውረዋል። ክዳኑ ሥር እርጥብ ሣር ሲጋገር ይህ ነፋስ መንገድ ያጣል። ማሽኑ ያኔ ሣሩን በየቦታው እየቆለለ ይሄዳል፤ ሞተሩም ያቃስታል። የተጋገረው ሣር ውኃ ይዞ ስለሚቆይ ላሜራውን እያዛገ ይበሳዋል። ማሽን ጤዛ እስኪረግፍ መጠበቅ ያለበት ለዚህ ነው። የካንዴላው ገመድ ተነቅሎ፣ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ በየአጨዳው መፋቅ ከሁሉም ይሻላል፤ ያልደረቀ ሣር በቀላሉ ይለቃል።

ውኃ የሚፈቀደው ክዳኑ ሥር ብቻ ነው፤ እሱም ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ። በግፊት ውኃ ሞተሩን ማጠብ ካርቡራተሩና የአየር ፊልትሮው ውስጥ ውኃ ማስገባት ነው። የላይኛውን ክፍል ብሩሽና ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል፤ በተለይ የሞተሩን ክንፎች። ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም። የሚቀዘቅዘው በእነዚያ ቀጫጭን የብረት ክንፎች መሐል በሚያልፍ አየር ነው። ገለባ ከደፈናቸው ራሱን ያቃጥላል። በክረምት ደግሞ አይጥ ሽፋኑ ሥር ጎጆ ትሠራለች፤ ኤፕሪል ላይ ከማስነሳት በፊት ሽፋኑን ፈትቶ ማየት ዋጋ አለው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዘይቱ ነው። መኪና የዘይት ፓምፕ፣ ፊልትሮና ዘይት ሲጎድል የሚበራ ቀይ መብራት አለው። በአብዛኛው የሚገፋ ማሽን ላይ ሦስቱም የሉም። ከአንድ ሊትር የሚያንስ ዘይት አለ፤ ትንሽ የሚሽከረከር መቅዘፊያ ይረጨዋል፤ በቃ። ሲያልቅ የሚነግር የለም፤ ሞተሩ ተቆልፎ ይቀራል። በእያንዳንዱ አጨዳ መለኪያውን ስቦ ማየት አንድ ደቂቃ አይወስድም። አዲስ ማሽን ከሆነ ብዙ አምራቾች ከመጀመሪያው 5 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በየ50 ሰዓቱ ወይም በየዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ። አሁን አሁን «ዘይት መቀየር አያስፈልገውም» ተብለው የሚሸጡ አሉ። እኔ ፊልትሮ የሌለው ሞተር ጥቁር ዘይት ተሸክሞ ዓመታት እንዲሠራ አልፈቅድም። የወጣውን ዘይት ብዙ የመኪና መለዋወጫ መደብሮች በነፃ ይቀበላሉ፤ መሬት ላይ መድፋት ክልክል ነው።

ጋራዡ ውስጥ አጠገቡ የቆመው መኪናም በአንድ ነገር ይመስለዋል፤ የሚበላው ከሥር ነው። አዲስ አበባ መኪናችንን ላቫጆ ወስደን ከአቧራ እናጸዳለን፤ አንዳንዱም ኮፋኖ አስከፍቶ ሞተሩን በናፍጣ ያሳጥባል። ዛሬ ሞተሩ ዙሪያ ያለው ብዙ የኤሌክትሪክ መገናኛ ስለሆነ ይህን ልማድ ብንተወው ደግ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ለበረዶ የሚነሰነሰው ጨው የፍሬን ቧንቧና የታችኛውን አካል ይበላል። በበረዶው ወራት ከላይ ማብረቅ ቀርቶ ከሥር በውኃ ማስመታት ያዋጣል።

ወደ ሣር ማጨጃው ስንመለስ፣ ቤንዚኑ ራሱ ቦታ እየለቀቀ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የሚመረቱ በቤንዚን የሚሠሩ የሣር ማጨጃ ሞተሮች እንዳይሸጡ የሚያደርግ ደንብ አውጥታለች። በባትሪ የሚሠራው ማሽን ካርቡራተርም ዘይትም የለውም፤ ከላይ ካልነው ግማሹ አይመለከተውም። ስለቱ ግን ያው ነው፤ ይደነዝዛል፣ ሚዛን ይፈልጋል፣ ክዳኑ ሥር ሣር ይጋገራል። ለማጽዳት ሲፈለግ ከካንዴላው ገመድ ይልቅ ባትሪውና ቁልፉ ይወጣሉ። ውኃ ከመርጨት በፊትም አምራቹ የሚለውን ማንበብ ግድ ነው፤ ብዙዎቹ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እንዲጠረግ ያዝዛሉ። ክረምቱን ባትሪው ቤት ውስጥ ይግባ፤ ጋራዡ የሚቀዘቅዝ ከሆነ እዚያ አይተው። ሙሉ ተሞልቶም ባዶ ሆኖም አይክረም፤ ግማሽ ገደማ ላይ ያለ ባትሪ ወራቱን በተሻለ ጤና ያልፋል።