የደጋ ምንጭና የውሀ አፈላል

ጥርት ያለና የቀዘቀዘ የምንጭ ውሀ ሳይፈላ ቢጠጣ ጉዳት የለውም የሚል እምነት በደጋው አገር የቆየ ነው። ዳሩ ግን ጥራትና ንጽሕና ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የተቅማጥ፥ የታይፎይድና የኮሌራ ተሕዋስያን በዓይን ስለማይታዩ፥ የውሀውን መልክና ጣዕም ሳይለውጡ ይኖሩበታል፤ ብርዱም አይገድላቸውም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ኮሌራ በገባ ጊዜ፥ ዶክተር ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም የበሽታውን መነሻ መርምሮ ብሮድ ስትሪት ከሚባለው መንገድ የውሀ ጉድጓድ አገኘው። የጉድጓዱ ውሀ በጣዕሙ የተወደደ ስለ ነበረ፥ ከሰፈሩ ርቃ የምትኖር አንዲት ባልቴት እያስመጣች ትጠጣው ነበር፤ እርሷም በዚያው በሽታ ሞተች። በእኛም አገር ከብት የሚገባበት፥ ወይም ከበላዩ ባለው ሜዳ ሰው የሚጸዳዳበት ምንጭ ምንም ያህል ቢጠራ አይታመንም።

ስለዚህ ውሀን ማፍላት ያስፈልጋል። ሞላሌ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች እንደ መሆኗ፥ አንድ ነገር መታወቅ ይገባዋል። ይኸውም ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፥ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሀ በመንዝ ደጋ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህም ሙቀት ተሕዋስያኑን ለመግደል ይበቃል፤ ሆኖም ለርግጠኝነት ውሀው በኀይል መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው። ከዚያ በላይ ማፍላት ኩበት መጨረስ ብቻ ነው፤ ኩበት የሚሆነው ፍግ ደግሞ የገብሱን እርሻ እንደሚያዳብር ገበሬው ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

ማገዶ ላጠረው ቤት ፀሐይ ይረዳዋል። ቀለም በሌለው፥ ከ2 ሊትር በማይበልጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጥሩ ውሀ ሞልቶ፥ 6 ሰዓት ሙሉ በፀሐይ ማጋደም፤ ሰማዩ ከደመነ ግን 2 ቀን ማቆየት ይገባል። ተሕዋስያኑን የሚገድለው በተለይ ጨረሩ ስለ ሆነ፥ የአየሩ ብርድ አያግደውም። የደፈረሰ ውሀ አስቀድሞ ይጠልላል፥ በንጹሕ ነጠላም ይጣራል። በዝናብ ቀን ግን ይህ ዘዴ አያስተማምንም፤ ያን ጊዜ ማፍላት፥ ወይም ክሎሪን በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል።

የነጻው ውሀ እጅ በነካው ጣሳ ከተጨለፈ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አፉ ጠባብ በሆነና ክዳን ባለው እንስራ ወይም ጀሪካን አኑሮ፥ እያዘነበሉ መቅዳት ነው።

በልግ በቀረበት ዓመት ምንጩ ሲመነምን፥ እናቶች ከመታጠቢያው ቀንሰው ለመጠጥ ያደርጋሉ። እኛም አንፈርድባቸውም። ነገር ግን ፊቱ ያልታጠበ ሕፃን ለትራኮማ፥ ልብሱ ያልታጠበ ሰው ቅማል ለሚያመጣቸው ለተስቦና ለግርሻ ይጋለጣል። ስለዚህ ውሀው ምንም ቢያንስ፥ ለሕፃናት ፊትና ምግብ ለምታዘጋጀው እጅ የሚሆን አንድ ጣሳ ውሀ አስቀድሞ ይለይ።

ምንጩን ማጠር፥ የከብቱንም መጠጫ ከመቅጃው በታች ማድረግ በደቦ የሚፈጸም ሥራ ነው። የመንደሩ ሽማግሎች ይህን ሥራ ምንጩ ከመጉደሉ በፊት እንዲያስጀምሩ አደራ እንላለን።