የጃኮቢያን ዘመን፦ አንድ ንጉሥ፣ ሁለት ዘውድ

በእንግሊዝ ታሪክ ከ1603 እስከ 1625 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ የጃኮቢያን ዘመን ይባላል። ስያሜው የመጣው ንጉሥ ጄምስ በላቲን ከሚጠራበት «ጃኮቡስ» ከሚለው ስም ነው፤ እኛ ያዕቆብ የምንለው መሆኑ ነው። ዘመኑን በዚህ ስም የለዩት በውስጡ የኖሩት ሳይሆኑ ከእነርሱ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው።

መነሻው ቁርጥ ያለ ይመስላል። በ1603 ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ልጅ ሳትተካ ሞተች፤ የቱዶር ቤት አበቃና ዙፋኑ ለዘመዷ ለስኮትላንዱ ንጉሥ ደረሰ። ጄምስ ግን ለንደን ሲገባ ለንግሥና አዲስ አልነበረም። እናቱ ሜሪ በ1567 ዙፋኗን እንድትለቅ ስትገደድ፣ በ13 ወሩ በስኮትላንድ ነግሧል። በኤደንብራ ስድስተኛ፣ በለንደን አንደኛ የሚባለው ለዚህ ነው። ዘመነ መንግሥቱም በእንግሊዝ ቢቆጠር 22 ዓመት፣ በስኮትላንድ ቢቆጠር ከ57 ዓመት በላይ ነው። ጄምስ በ1604 ራሱን የታላቋ ብሪታንያ ንጉሥ ብሎ ቢያውጅም፣ ሁለቱ አገሮች በአንድ ፓርላማ የተዋሐዱት በ1707 ነው። ስለዚህ «ጃኮቢያን» ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው።

ያም ሆኖ ስያሜው ይጠቅማል። ሼክስፒርን ብዙ ሰው ከኤልሳቤጥ ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ «ኪንግ ሊር» እና «ማክቤዝ» ግን የተጻፉት በጄምስ ጊዜ ነው። የሼክስፒር የተዋናዮች ቡድን በ1603 በንጉሡ ጥላ ሥር ገብቶ የንጉሡ ሰዎች ተባለ። ስለ ስኮትላንድ ዙፋን የሚተርከው «ማክቤዝ» ከስኮትላንድ በመጣ ንጉሥ ዘመን መጻፉን ያወቀ አንባቢ ተውኔቱን በሌላ ዓይን ያየዋል። በ1605 ፓርላማውን ከነንጉሡ በባሩድ ለማጋየት የተሸረበው ሴራ፣ በ1607 በአሜሪካ የተቆረቆረችው ጄምስታውን፣ በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም የዚሁ ዘመን ናቸው።

«ጃኮቢያን» ከ«ጃኮባይት» ጋር መምታታት የለበትም። ጃኮባይቶች በ1688 ዙፋኑን ያጣው የዚህ ንጉሥ የልጅ ልጅ የዳግማዊ ጄምስና የዘሩ ደጋፊዎች ነበሩ።

ዘመኑ በንጉሡ ሞት በ1625 ይዘጋል፤ ጄምስ በገንዘብና በሥልጣን ከፓርላማው ጋር የገባበት ክርክር ግን አብሮት አልተቀበረም። በልጁ በቻርልስ ጊዜ ከርሮ በ1642 የእርስ በርስ ጦርነት ሆነ። በንጉሥ ስም የተሰየመ ዘመን ማን በዙፋን ላይ እንደነበር ይነግረናል፤ የአገሪቱ ጥያቄ መቼ ተነሥቶ መቼ እንደተፈታ ለማወቅ ግን ከዘውዱ ዓመታት አልፎ ማንበብ ያስፈልጋል።