ዐሥራ ሦስቱ በአንድ ማዕድ

ብዙ ሰዎች የተሣሉበትን የጥንት ሊቃውንት ሥራ መርጦ እንደገና መሣል በአውሮፓ ሠዓልያን ዘንድ የቆየ ልምምድ ሲሆን፣ ጀማሪው ከዚህ የሚያተርፈው የእጅ ቅልጥፍናን ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁንም ብዙ አካላት በአንድ ሐሳብ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ማስተዋልን ነው።

ለዚህም ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ1495 እስከ 1498 እ.ኤ.አ. ገደማ በሚላኖ፣ በሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲዬ ገዳም የመመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከሣለው የምሴተ ሐሙስ ሥዕል የሚበልጥ መምህር ያለ አይመስለኝም። ጌታችን ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ አሳልፎ እንደሚሰጠው በተናገረባት ቅጽበት፣ ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ሦስት ሦስት ሆነው በድንጋጤ ሲታወኩ፣ ጴጥሮስ ቢላዋ እንደ ያዘ ወደ ዮሐንስ ሲያዘነብል፣ ይሁዳ ከረጢቱን ጨብጦ ወደ ኋላ ሲል፣ ቶማስም ጣቱን ሲቀስር፣ እርሱ ብቻ በመካከል በጸጥታ ተቀምጧል። የጣሪያውና የግድግዳው መስመሮች ሁሉ የሚያመሩት ወደ እርሱ ራስ ነው፤ ሠዓሊው ክር ለመወጠር ምስማር የመታበት ቀዳዳም በዚያው ተገኝቷል።

ሊዮናርዶ እንደ ተለመደው በእርጥብ ኖራ ላይ ሳይሆን በደረቅ ግድግዳ ላይ ስለ ሣለ፣ ቀለሙ ገና እርሱ በሕይወት ሳለ ይላላጥ ጀመር፤ በ1652 ደግሞ በግድግዳው ላይ በር ሲቀደድ የጌታ እግሮች ጠፉ። እነዚያን እግሮችና በይሁዳ ክንድ የተደፋውን የጨው ዕቃ ዛሬ አጥርቶ የሚያሳየን፣ ሠዓሊው ጃምፔትሪኖ በ1520 ገደማ እንደ ሣለው የሚነገርለት ግልባጭ ነው። ትጉህ ገልባጭ ለትውልድ የሚያቆየው ሀብት ይህን ያህል ነው!

ሬምብራንት ግን ሌላ መንገድ ሄደ። ኢጣልያን ረግጦ የማያውቀው ይህ ሆላንዳዊ በ1630ዎቹ ሥዕሉን ከኅትመት ተመልክቶ በቀይ ጠመኔ ነደፈው፤ በመጀመሪያ በስሱ ተከትሎ፣ ቀጥሎም በብርቱ መስመር እያረመ፣ ከጌታ በስተኋላ ድባብ ጨምሮ የሥዕሉን ሚዛን ወደ አንድ ወገን አዘነበለው። እኔ ለተማሪ የምመርጠው ይህንኑ ነው፤ አስቀድሞ መታዘዝ፣ ከዚያ መመርመር።

እንግዲህ የሥዕል ፍቅር ያደረብህ ወጣት፣ ወረቀትህን በእኩል አራት ማዕዘኖች ከፋፍለህ፣ የጣሪያውና የግድግዳው መስመሮች የሚገናኙባትን ነጥብ ለይተህ፣ አራቱን የሐዋርያት ክፍሎች እንደ ጥላ በጅምላ አኑር፤ ከዚያ እጆቻቸውን ሣል፤ ፊታቸውን ለመጨረሻ አቆየው።