ነጠላና ምድጃ

ዱከም ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፤ በፋብሪካዎቿም ምክንያት ብዙ ወጣት ሠራተኞች ቤት ተከራይተው የሚኖሩባት ከተማ ናት። በኪራይ ቤት አልጋውም፣ የልብስ መስቀያውም፣ ምድጃውም በአንዲት ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይውላሉ። ከሥራ የገባ ሰው ደግሞ ልብሱን ሳይለውጥ ወጥ ይጥዳል።

እሳት ወደ ላይ ይወጣል። የነጠላ ዘርፍ ወይም የሰፊ እጅጌ ጫፍ አንድ ጊዜ ከተያያዘ፣ ነበልባሉ አንገትና ፊት እስኪደርስ ጥቂት ሴኮንድ ይበቃዋል። ስስ ጥጥ ቶሎ ይነዳል፤ ናይለንና ፖሊስተር ደግሞ ቀልጠው ከቆዳ ጋር ይጣበቃሉ።

ስለዚህ ነጠላ ይውለቅ፤ እጅጌም ይጠቅለል። (ማደግደግ ለትልቅ ሰው ክብር ነው፤ በምድጃ ፊት ግን ማውለቅ ይሻላል።) ጨውና በርበሬ ከምድጃው በላይ የተደረደሩ እንደሆነ ክንድ ዘወትር በእሳት ላይ ያልፋልና ቦታቸው ይለወጥ። በርጩማ ላይ ተቀምጣ የምታማስል ቀሚሷን ትሰብስብ። በሚነድ የላምባ ምድጃ ላይም ላምባ አይጨመርም።

ልብስ ከተያያዘ መሮጥ እሳቱን ማራገብ ነው። ወዲያው መሬት ላይ ተኝቶ፣ ፊትን በእጅ ሸፍኖ መንከባለል ያስፈልጋል፤ የደረሰ ሰውም ውሃ ያፍስስ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ያፍን። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ቁስሉ ላይ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይፍሰስበት፤ የተጣበቀው ልብስ አይላጥ። ቅቤ፣ ሊጥና የጥርስ ሳሙና መቀባት ቁስሉን ያባብሰዋል። ፊትን፣ እጅን ወይም ሰፊ ገላን የነካ ቃጠሎ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይወሰድ፤ በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ለቃጠሎ የተለየ ክፍል አለው።