ርካሽ ክራር፣ ውድ ድምፅ፤ ብሩ የት ላይ ቢውል ያዋጣል?

ጥምቀት አልፎ የሰርጉ ወቅት ሲገባ ክራር ይፈለጋል። ዐቢይ ጾም ሲይዝ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እንደገና ይነሣል። በደብረ ታቦርና በአካባቢው ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋዎች ይህን ወቅት የሚጠብቀው ሙዚቀኛው ብቻ አይደለም። ሻጩ፣ አሻሻጩና ለሆቴል መሣሪያ የሚገዛው ባለሀብትም አብረው ይጠብቁታል።

ገበያ ላይ የሚቀርበው ክራር ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ለግድግዳ የተሠራና ለጆሮ የተሠራ። ገዢው ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍለው ለጌጡ፣ ለቀለሙና ለተቀረጸው እንጨት ነው። ድምፁን የሚወስኑት ግን በአንጻሩ ርካሽ የሆኑ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ቆዳው፣ በርኩማው እና አውታሩ ናቸው። በመሆኑም አካሉ ጤነኛ የሆነ ርካሽ ክራር ገዝቶ በእነዚህ በሦስቱ ላይ ጥቂት ብር የሚያወጣ ሰው፣ ያጌጠውን በውድ ከገዛው የተሻለ መሣሪያ ሊይዝ ይችላል።

ቆዳው

ክራር በዚህ ረገድ ከአሜሪካኖቹ ባንጆ ጋር ይመሳሰላል። ባንጆ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች በአሜሪካ ምድር የፈጠሩት ሲሆን፣ የሁለቱም ድምፅ የሚወጣው ከተወጠረ ገጽ ላይ ነው። ልዩነቱ ባንጆው ሲላላ ዙሪያውን ባሉት ብሎኖች ይጠብቃል፤ የኛው ክራር ቆዳ ግን እርጥብ ሳለ ተለብጦ በጠፍር ከተሳሰረ በኋላ ሲደርቅ ራሱን ይወጥራል። አንዴ ከደረቀ በኋላ የሚዞር ብሎን የለውም።

የደብረ ታቦር አየር እዚህ ላይ ትርጉም አለው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሲሆን በስተምሥራቁ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጉና ተራራ አለ። በክረምት ቆዳው እርጥበት ይስባል፤ ሲላላም በርኩማው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ቅኝቱ ይወርዳል፣ ድምፁም ይታፈናል። በበጋ ደግሞ ይደርቅና ይጠብቃል፤ ደካማ ከሆነም ከዳር በኩል ይቀደዳል። ስለዚህ በነሐሴ ሞክረው የገዙት ክራር በጥር ሌላ ድምፅ ቢያሰማ ሻጩ አታለለ ማለት ላይሆን ይችላል።

ቆዳው ስስና እኩል የተፋቀ መሆን አለበት። ወፍራም ቆዳ ወይም በቀለምና በቫርኒሽ የተቀባ ቆዳ ክብደቱ ስለሚጨምር ድምፁን ያደነዝዘዋል። ጌጠኛው ክራር ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ፈተና ነው። ለጊዜው የላላውን ከፀሐይ ወይም ከፍም ራቅ አድርጎ ጥቂት ማሞቅ ይበቃል። የተቀደደውን ወይም የተቀባውን ግን አውልቆ በአዲስ ቆዳ ማስለበጥ ነው።

በርኩማው

አውታሩን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው ትንሽ እንጨት ነው። በርካሽ ክራር ላይ ከለስላሳ እንጨት እንደ ነገሩ ተጠርቦ ይገኛል። እንደ ወይራ ባለ ጠንካራ እንጨት ወይም በቀንድ ቢለወጥ ንዝረቱን ለቆዳው በሚገባ ያደርሳል። ግርጌው ቆዳው ላይ ክፍተት ሳይተው መቀመጥ ይገባዋል። በጣም ካጠረ አውታሩ ቆዳውን እየነካ ይንጫጫል፤ በጣም ከረዘመ ደግሞ ቆዳውን ተጭኖ ያፍነዋል። ከመለወጥ በፊት ግማሽ ጣት ያህል ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ ማድመጥ ምንም ዋጋ አያስከፍልም።

አውታሩ

ድሮ ጅማት ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ናይለን ነው። የርካሽ ክራር ትልቁ ጉድለት ሁሉም አውታሮች ከአንድ ጥቅል፣ በአንድ ውፍረት መታሰራቸው ነው። በክራር ላይ የአውታሮቹ ርዝመት ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ውፍረታቸው አንድ ከሆነ ቅኝቱን የሚለየው ውጥረቱ ብቻ ነው። ስድስት አውታር ባለው ክራር ከፍተኛው ድምፅ ከዝቅተኛው አንድ ኦክታቭ ሲበልጥ፣ የመወጠሪያው ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል። ውጤቱም አንዱ ይልፈሰፈሳል፣ ሌላው ሊበጠስ ይደርሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዝቅተኛው 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከፍተኛው ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ውጥረታቸው እኩል ይመጣል። የተቀሩት በመካከል ይደለደላሉ።

አዲስ ናይለን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚሳብ ቅኝቱ እየወረደ ያስቸግራል። ስለሆነም ለሰርግ የሚታሰብ ክራር አውታሩ ቢያንስ ከሳምንት በፊት መለወጥ አለበት። ትዝታውን ጀምሮ መሐል ላይ ሊቃኝ የሚያቋርጥ ሙዚቀኛ ሽልማቱ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ሰርግም የሚጠራው ሌላ ሰው ነው።

የብረት አውታርና ማይክራፎን

ለሆቴል መድረክ የብረት አውታርና በገበቴው ላይ የሚለጠፍ ማይክራፎን የሚጠይቁ ገዢዎች አሉ። ብረት ከናይለን የበለጠ ስለሚከብድ ወደዚያው ቅኝት ለማድረስ የበለጠ መወጠር ይጠይቃል። ቀንበሩና ምሰሶዎቹ ቀጭን ከሆኑ ይጎብጣሉ ወይም ይሰበራሉ። ማይክራፎኑ ደግሞ መጥፎ ድምፅን አጉልቶ ያሰማል እንጂ አያሻሽልም። ስለሆነም የመጨረሻው ወጪ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም።

ከመክፈል በፊት

አንደኛ፣ ምሰሶዎቹን ይዞ ጠምዘዝ ማድረግ፤ ገበቴው ላይ ከተነቃነቁ መተው ነው። ሁለተኛ፣ ገበቴው መሰንጠቁን ማየት። ሦስተኛ፣ ቆዳውን በጣት መታ መታ ማድረግ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ የማስለበጫውን ዋጋ ከሂሳቡ ማስቀነስ። አራተኛ፣ ቃኝቶ ለሩብ ሰዓት ማስቀመጥ፤ ቅኝቱ ከወረደ ቀንበሩ ላይ አውታሩ የተጠመጠመበት ጨርቅ ይንሸራተታል ማለት ነው፤ እርሱን በሻካራ ጨርቅ መለወጥ ይበቃል።

ነጋዴው ከዚህ የሚያገኘው ግልጽ ነው። አካሉ ጤነኛ የሆነውን ክራር ገበያው በቀዘቀዘበት ወራት ሰብስቦ፣ ቆዳ፣ በርኩማና አውታር ለውጦ፣ ቃኝቶ ለጥር የሚያቀርብ ሰው የሚሸጠው እንጨት ሳይሆን ድምፅ ነው። ገዢውም ሙዚቀኛ ከሆነ የሚከራከረው በጆሮው ነው፤ በጆሮው የረካ ደግሞ ዋጋ ብዙ አይቆርጥም።