ጡትዎን በእጅዎ ይወቁት

ብዙ ሴቶች ጡታቸውን ለመፈተሽ የሚያመነቱት «አንድ ነገር ባገኝስ?» ብለው ነው። ወርሃዊው ፍተሻ ግን ከሁሉ በፊት የራስን ጡት ማወቂያ ነው። ጤነኛ ጡትም ጎርበጥ ይላል፤ የእርስዎን ከለመዱት አዲስ ነገር ሲመጣ ይለዩታል።

የወር አበባዎ ካበቃ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጡትዎ ሲለሰልስ ይፈትሹ። የወር አበባ የማያዩ ከሆነ የማይረሱትን ቀን፣ ለምሳሌ የደመወዝን ቀን ይምረጡ።

መስታወት ፊት ቆመው ሁለቱንም እጆችዎን ወደ ላይ ያንሱ። ቆዳው መሰርጎዱን ወይም የብርቱካን ልጣጭ መምሰሉን፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባቱን ወይም ፈሳሽ ማውጣቱን ይመልከቱ። ከዚያ በጀርባዎ ተኝተው ቀኝ ጡትዎን በግራ እጅ፣ ግራውን በቀኝ ይዳስሱ። በመሃል ሦስት ጣቶችዎ ውስጠኛ ክፍል፣ በትንንሹ እያዞሩ፣ መጀመሪያ ላላ፣ ቀጥሎ ጠበቅ ያድርጉ። ብብትዎን አይዝለሉ።

በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው፤ በጅምሩም ብዙ ጊዜ አያምም። ስለዚህ «አላመመኝም» ብለው አይተዉት። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ይህን ለይቶ የሚነግርዎ ግን ሐኪም ነው። አዲስ ነገር ካገኙ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።